ጨው ሲገባ የሚደፈርስ ሳሙና

ፈሳሽ ሳሙና የሚሠራ ሰው ጨውን የሚያውቀው በማወፈሪያነቱ ነው። ቴክሳፖን በተባለው አኒዮኒክ (ኔጌቲቭ ቻርጅ ያለው) ሰርፋክታንት ላይ በልኩ ከገባ ያወፍራል፤ ሲበዛ መልሶ ያቀጥናል። ይህንኑ ልማድ ይዞ ወደ ኖን-አዮኒክ ሰርፋክታንት የተሻገረ ግን ሌላ ነገር ይገጥመዋል፦ ጠዋት ኩልል ያለው ፈሳሽ ቀን ፀሐይ ሲያገኘው ይደፈርሳል፤ ሲቆይም ለሁለት ይከፈላል።

ኖን-አዮኒክ ቻርጅ የለውም። ውሃ ውስጥ ሟሙቶ የሚቆየው የኤቲሊን ኦክሳይድ ሰንሰለቱ ውሃን ስለሚይዝ ነው። ሙቀት ሲጨምር ይህ ትስስር ይላላል፤ ሞለኪውሎቹም ተሰባስበው ከውሃው ይለያሉ። ትራይተን ኤክስ-100 የተባለው ኖን-አዮኒክ በ1 በመቶ መጠን የሚደፈርሰው 65 ዲግሪ አካባቢ ነው። ሰንሰለቱ አጠር ያለው ኤክስ-114 ግን 23 ዲግሪ አካባቢ ላይ ይደፈርሳል፤ ለእሱ የአዲስ አበባ ከሰዓት ይበቃዋል።

እነዚህ ቁጥሮች ግን ለንጹህ ውሃ ናቸው። ጨው ሲገባ ውሃውን ወደ ራሱ ስለሚስብ መደፍረሱ ቀደም ብሎ ይመጣል። ሰልፌትና ሶዳ አሽ ደግሞ ከገበታ ጨው ይብሳሉ። ጨው ሁሉ አንድ አይደለም፤ ታዮሳያኔትና አዮዳይድ እንዲያውም የመደፍረሻ ሙቀቱን ከፍ ያደርጋሉ፣ ሳሙና ውስጥ የሚጨምራቸው ባይኖርም። በአልኮልም ስም አትታለሉ፦ ኤታኖል ከፍ ያደርጋል፣ ቡታኖል ዝቅ ያደርጋል።

እኔ የምመርጠው መድኃኒት ጥቂት አኒዮኒክ ነው። ሶዲየም ዶዴሲል ሰልፌት ጠብ ሲልበት ሚሴሎቹ (የሰርፋክታንት ሞለኪውሎቹ ስብስቦች) ኔጌቲቭ ቻርጅ ይዘው ይገፋፋሉ፤ የመደፍረሻ ሙቀቱም በብዙ ዲግሪ ይወጣል። ጨው በበዛበት ግን ይህ ቻርጅ ይሸፈንና ጥቅሙ ይቀንሳል። ስለዚህ መጀመሪያ ጨዉን መቀነስ ይሻላል።

የመደፍረሻ ሙቀቱን መለካት ቀላል ነው። ቴርሞሜትሩን ሙከራ ቱቦው ውስጥ አድርጎ እያማሰሉ ማሞቅ፤ መጀመሪያ ስስ ጭጋግ ይታያል፣ ቀጥሎ የቴርሞሜትሩ ቁጥር ከፈሳሹ ጀርባ ይጠፋል። ከዚያ ከእሳት አውርዶ እያማሰሉ ማቀዝቀዝ፤ የሚመዘገበው ፈሳሹ መልሶ የጠራበት ሙቀት ነው። አዲስ አበባ ላይ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ስለሆነ ከዚያ በላይ የሚደፈርሰውን ክፍት ቱቦ ውስጥ መለካት አይቻልም። ያን ጊዜ 10 በመቶ የጨው ውሃ ውስጥ ይለካል፤ ያ ሲያስቸግረን የነበረው ጨው እዚህ ላይ ይጠቅማል።

ከአቅራቢው ወረቀት ላይ ያለውን ቁጥር አትመኑ። ጨውም፣ ሽቶም፣ ቀለምም ገብቶበት ያለቀውን ምርት ለኩ። ወደ ሰመራ የሚጫን ከሆነ ደግሞ 45 ዲግሪ ላይ ጠርቶ ካልቆየ አትላኩት።