የሴና ፊልምና የእኛ «ቀኑ ደርሶ ነው»

መቱ ውስጥ ቅዳሜና እሑድ ቴሌቪዥን የሚታይበት ቤት ሁሉ የእግር ኳስ ቤት ነው። አርሴናልና ማንቸስተር ሲገናኙ አግዳሚው ላይ ቦታ ለማግኘት ቀደም ብሎ መሄድ ግድ ይላል። ከዚያ ሁሉ ሕዝብ መካከል ተነሥቶ «እባካችሁ የመኪና እሽቅድምድም ክፈቱልኝ» የሚል ሰው ቢገኝ ጤንነቱ ያጠራጥራል። ያ ሰው እኔ ነኝ። ለዚህ ያበቃኝ ደግሞ እንግሊዛዊው አሲፍ ካፓዲያ እ.ኤ.አ. በ2010 ያወጣው «ሴና» የተባለ ዘጋቢ ፊልም ነው። ሦስት ጊዜ የዓለም ሻምፒዮን ስለሆነው ብራዚላዊ አይርተን ሴና ሕይወትና አሟሟት ይተርካል። ለዓመታት ስወደው የኖርሁት ፊልም ነው፤ ዛሬ ግን የምከራከረው ነገር አለኝ።

አስቀድሜ ውለታውን ልናገር። ፊልሙ ብዙም ሳይጓዝ እ.ኤ.አ. ወደ 1984 ሞናኮ ይወስደናል። ዝናቡ ጎዳናውን አጥለቅልቆታል። ገና ስሙ ያልገነነ ወጣት፣ በደካማ ቡድን መኪና ከ13ኛ ቦታ ተነሥቶ፣ ታላላቆቹን እየቀደመ 2ኛ ይወጣል። ለኢሉባቦር ሰው ይህን ትርኢት ማንም ሊያስረዳው አያስፈልግም። በእኛ አገር ዝናብ የሁለት ወር እንግዳ አይደለም፤ አብሮን የሚኖር ጎረቤት ነው። የሾፌር ክብርም የሚለካው በዝናብ ነው። «እሱ እኮ ጭቃውን እንደ ደረቅ ነው የሚነዳው» የተባለለት ሰው ስሙ ከጎሬ እስከ በደሌ ይወራል። ስለዚህ ሴናን ለማድነቅ የፎርሙላ ዋንን ደንብ ማወቅ አላስፈለገኝም፤ ሰውየውን ከመናኸሪያችን አውቀዋለሁ።

የፊልሙ አሠራርም ይመሰገናል። ምስሉ ሁሉ በዘመኑ የተቀረጸ ነው፤ ተናጋሪዎቹ ድምፃቸው ይሰማል እንጂ ዛሬ ወንበር ላይ ተቀምጠው ሲያወጉ አናይም። በመሆኑም ተመልካቹ መጨረሻውን እያወቀም እንኳ ከሴና ጋር መኪናው ውስጥ ተቀምጦ «ምናልባት ይተርፍ ይሆን?» ይላል።

ክርክሬ የሚጀምረው ከዚህ ነው። ፊልሙ ሞቱን እንደ ትንቢት ያዘጋጀዋል። ሴና ስለ እግዚአብሔር ሲናገር ያሰማናል፤ በመጨረሻዎቹ ቀናት ፊቱ ላይ ያጠላውን ጭንቀት እያቀረበ ያሳየናል፤ ሙዚቃው ቀስ እያለ ይከብዳል። ኢሞላ ላይ አርብ ዕለት ባሪኬሎ ከከባድ አደጋ ተረፈ፤ ቅዳሜ ኦስትሪያዊው ራትዘንበርገር ሞተ፤ እሑድ ሴና ተከተለ። ዕለቱ ሚያዝያ 23 ቀን 1986 ዓ.ም. ነበር፤ በእኛ አቆጣጠር የትንሣኤ በዓል። ይህን ሳሰላ ሰውነቴን ውርር አደረገኝ፤ «ተጽፎለት ነው እንጂ!» አልሁ። ፊልሙም እንድል የፈለገው ይህንኑ ይመስለኛል።

ግን ይህን አነጋገር ከየት ነው የማውቀው? ከመንገዳችን። በእኛ አገር መኪና ተገልብጦ ሰው ሲያልቅ ለቀስተኛው «ቀኑ ደርሶ ነው» ይላል፤ «ቀን ሲደርስ አምባ ይፈርስ» የሚል ተረትም አለን። ሐዘንተኛን ለማጽናናት መልካም ቃል ነው። ክፋቱ ማጽናናቱን ጨርሶ ምርመራውንም መዝጋቱ ነው። ፍሬኑ ተፈትሾ ነበር? ሾፌሩ ስንት ሰዓት ሳይተኛ ነዳ? ብሎ የሚጠይቅ ሰው እንደ ጨካኝ ይቆጠራል። አይሱዙን «አልቃይዳ»፣ ሲኖትራክን «ቀይ ሽብር» ብለን ስም አወጣንና ስቀን አለፍን።

የእሽቅድምድሙ ሰዎች ግን አላለፉም። የጣልያን ፍርድ ቤት ተቆርጦ የተበየደውን የመሪ ዘንግ ለዓመታት መረመረ። ዶክተሩ ሲድ ዋትኪንስ የደኅንነቱን ሥራ በኃላፊነት መሩ። ግጭት አንገት እንዳይቀጭ የራስ ቁርን ከትከሻ ጋር የሚያያይዘው መሣሪያ እ.ኤ.አ. በ2003፣ ከሾፌሩ ራስ በላይ የሚዞረው የታይታኒየም ከለላ በ2018 ግዴታ ሆኑ። በ2014 ሱዙካ ላይ ዣን… አልልም፤ ጁል ቢያንኪ ነው፤ በዝናብ ከማንሻ መኪና ጋር ተጋጭቶ በሚቀጥለው ዓመት ሞተ፤ ከግጭቱ በኋላም አደጋ ሲደርስ ፍጥነትን የሚገታ አዲስ ደንብ ወጣ። በ2020 ባሕሬን ላይ የፈረንሳዩ ግሮዣን መኪና የብረት አጥር በስቶ፣ ለሁለት ተከፍሎ ሲነድ፣ ሰውየው ከእሳቱ በእግሩ ወጣ። ብዙ ሰው «ተአምር!» አለ። ተአምሩን ግን መሐንዲሶች ከሁለት ዓመት በፊት ራሱ ላይ ገጥመውለት ነበር። ፊልሙ ከሴና ሞት በኋላ ስለተሠራው ሥራ የሚነግረን በማብቂያው ላይ በምትታይ አጭር ጽሑፍ ነው። ለእኔ ትልቁ ታሪክ የተቀበረው እዚያች ጽሑፍ ውስጥ ነው።

በዚህ ዓይን ሲታይ አሌን ፕሮስትም ተበድሏል። ፊልሙ ተንኮለኛ፣ ስሌተኛ፣ የሹማምንት ወዳጅ አድርጎ ሥሎታል። ሆኖም እ.ኤ.አ. በ1989 አደሌድ ላይ፣ ውሃው ፊት ለፊት አላሳይ ባለበት ቀን፣ ፕሮስት አንድ ዙር ብቻ ነድቶ «አልነዳም» ብሎ አቆመ። ሴና ቀጠለ፤ በውሃው ጭጋግ ውስጥ ከፊቱ የነበረውን መኪና ከኋላው ገጨ። በዚያ ቀን ጀግናው ማን ነበር?

ይህን የምጠይቀው ከደሙ ንጹሕ ሆኜ አይደለም። አንድ የክረምት ማታ ከበደሌ ወደ መቱ ስንመጣ ያዮ ላይ ጉሙ መንገዱን ዋጠው። ሾፌራችን ዳር ይዞ ሞተሩን አጠፋ። «ጋሼ፣ ምነው ፈሩ እንዴ?» ያለው የመጀመሪያው ተሳፋሪ እኔ ነበርሁ። ሴናን ያየሁት በቅርቡ ነበርና ልቤ በፍጥነት ሰክሮ ነበር። ሰውየው ዞር ብለው እንኳ አላዩኝም፤ ጋቢያቸውን ተከናንበው ጉሙ እስኪገፍ ጠበቁ። ሁላችንም በደኅና ገባን፤ ማንም አላጨበጨበላቸውም።

ዛሬም የእሽቅድምድም አፍቃሪ ነኝ። ዛሬም የሞናኮው ዝናብ ሲታይ ልቤ ይመታል። ነገር ግን ፊልሙን ያላየ ሰው ቢኖር እንዲያየው የምመክረው፣ መብራቱ ሲበራ «ቀኑ ደርሶ ነው» ብሎ እንዳይነሣ አደራ ብዬ ነው።