የካምቢዮው ትንሽ ጥርስ

ከሆሳዕና ዱራሜ በአሮጌ መኪና የሚመላለስ ሹፌር ፍጥነቱን በሞተሩ ድምፅ ይገምታል። የኪሎሜትር ቀስቱ ዜሮ ላይ ተኝቶ ቢከርምም ደንታ የለው። ቆጣሪው አብሮ ከቆመ ግን ዘይት መቀየሪያውን በምን ሊያውቅ ነው?

እኔ የማደንቀው ካምቢዮ ለማውረድ የማይቸኩለውን መካኒክ ነው። መጀመሪያ ይጠይቃል፦ ቀስቱ ብቻ ነው የቆመው ወይስ ቆጣሪውም? ቆጣሪው እየሠራ ቀስቱ ከተኛ ችግሩ ዳሽቦርዱ ውስጥ ነው። በ1902 እ.ኤ.አ. ጀርመናዊው ኦቶ ሹልትዘ የፈጠራ መብት ያስመዘገበበት ጥበብ እዚያ አለ፤ የሚሽከረከር ማግኔት ቀስቱን ሳይነካው ይጎትተዋል። ሁለቱም ከቆሙ ከካምቢዮው ወደ ዳሽቦርዱ የሚሄደውን ገመድ ስቦ ያያል። ገመዱ ደህና ከሆነ ከካምቢዮው ጎን አንዲት ቡሎን ይፈታል፤ ገመዱን የምታዞረው፣ አውራ ጣት የምታህል የፕላስቲክ ጥርስ ትወጣለች፣ እንደ አሮጊት ድድ ተበልታ።

አሁን ቆጠራ ነው። በብዙ የጃፓን መኪኖች ገመዱ በኪሎሜትር 637 ጊዜ መዞር አለበት። ስለዚህ ምትኳ በጥርስ ቁጥር ከአሮጌዋ ጋር እኩል ካልሆነች ቀስቱ ይዋሻል። (ከልኩ በላይ ትልቅ ጎማ ያሰረም እንዲሁ ይታለላል፤ ቀስቱ ከእውነቱ ያሳንስለታል።)

ጎበዙ ዘይት የምታግደውን የላስቲክ ቀለበት፣ ኦሪንጓንም አብሮ ይቀይራል። አለበለዚያ የካምቢዮ ዘይት በዚያው በኩል መንጠባጠብ ይጀምራል፤ አንዳንዴም በገመዱ ሽፋን ሽቅብ ወጥቶ ዳሽቦርድ ይደርሳል።