ጾመ ሕርቃል፦ ደምን የማያቀልል ጾም

የዐቢይ ጾም 55 ቀናት የሚጀምሩት በዘወረደ ሳምንት ነው። ይህ ሳምንት ጾመ ሕርቃልም ይባላል። ፋርሶች እ.ኤ.አ. በ614 ኢየሩሳሌምን ወርረው የጌታን መስቀል ማርከው ወሰዱ። በቤተ ክርስቲያናችን ትውፊት እንደሚተረከው፣ ክርስቲያኖች የቢዛንታይኑን ንጉሥ ሕርቃልን «ተዋግተህ አስመልስልን» ቢሉት አመነታ፤ ነፍስ ያጠፋ ሰው ዕድሜውን ሙሉ እንዲጾም የሐዋርያት ሥርዓት ያዝዛልና። እነርሱም ጾሙን ተከፋፍለው ሊጾሙለት ቃል ገቡ፤ እርሱም ዘምቶ ድል አደረገ።

እኔን የሚደንቀኝ ድሉ ሳይሆን ማመንታቱ ነው። ዘመቻው ለመስቀል ነበር፤ ያም ሆኖ ግዳይ አላስፎከረም፣ ንስሐ አስገባ እንጂ። ከዚህ የሚልቀው ደግሞ የሕዝቡ ድርሻ ነው። ሰይፍ የመዘዘው ንጉሥ ብቻ አልነበረም ባለዕዳው፤ «ዝመትልን» ያለውም ጾመ።

እኛም በየዓመቱ ሳምንቱን ስንጾም ያንን ዕዳ እንካፈላለን። ገዳይን ብቻ ሳይሆን አደፋፋሪንም የሚጠይቅ ሥርዓት መኖሩ ትልቅ ጸጋ ነው። ከሥጋና ከወተት የተከለከለ ጾመኛ «በለው!» ከማለትም ቢከለከል የጾሙን ሥርዓት ከመነሻው ጠበቀ ማለት ነው።