ያጠቆርኩት ሰሌዳ፦ የልጅ ዕቃስ ቅርስ አይደለምን?

ከዎርዝንግተን፣ ኦሃዮ

“የቸኮለች አፍሳ ለቀመች” ይላሉ አበው። እኔ ግን ካፈሰስኩ በኋላ መልቀምም አልሆነልኝም። ነገሩ እንዲህ ነው።

ከሰባት ዓመት በፊት፣ አንድ ቅዳሜ ጠዋት፣ ከዎርዝንግተን ዋና ጎዳና ገባ ብሎ ባለ ቤት የአሮጌ ዕቃ ሽያጭ ነበር። አሜሪካኖች አንድ አዛውንት ሲያርፉ ወይም ወደ መጦሪያ ሲገቡ፣ ከሳሎኑ እስከ ምድር ቤቱ ያለውን ዕቃ ሁሉ ዋጋ ለጥፈውበት በሩን ለመንገደኛ ይከፍታሉ። ከምድር ቤቱ ጥግ አንድ የልጆች ሰሌዳ አገኘሁ። የእንጨት ክፈፍ አለው፤ ከላይ በሁለት ዘንግ ላይ የሚጠቀለል ባለ ሥዕል ወረቀት፣ ከሥሩ ደግሞ ወደ ፊት ሲዘረጋ ጠረጴዛ የሚሆን ጥቁር ሰሌዳ። 12 ዶላር ከፍዬ ወሰድኩት። ልጄ ያኔ አምስት ዓመቷ ስለነበር ሀ ሁ ላስቆጥርበት አስቤ ነው።

ሰሌዳው በጠመኔ ብዛት ግራጫ ሆኗል። አንድ ልጅ በሚስማር ስሙን ጭሮበታል፤ ከሥሩም የመደመር ሒሳብ ነበር። መሐንዲስ ነኝና ያረጀ ነገር ሳይ እጄ አያርፍም። በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጌ ጥቁር የሰሌዳ ቀለም ሁለት ጊዜ ቀባሁት፤ አዲስ መሰለ። በሳምንቱ ጡረታ የወጡ እንጨት ሠሪ ጎረቤቴ መጥተው አዩት። “ሳትቀባው በፊት ፎቶ አንሥተኸዋል?” ሲሉ ጠየቁኝ። አላነሣሁም። ዛሬ ከዚያ ልጅ ስም የማስታውሰው የመጀመሪያዎቹን ሦስት ፊደላት ብቻ ነው።

ይህን የምጽፈው የራሴን ጥፋት ለመናዘዝ ብቻ አይደለም። ቅርስን የሚያጠፋው ንቀት ብቻ ሳይሆን ማሳመርም መሆኑን ለማሳየት ነው። እኛ ደግሞ በሁለቱም የተካንን ነን።

መጀመሪያ ዕቃው ምን እንደሆነ እንየው። የእኔው የአምራቹ ስም የለበትም። የዚህ ዓይነት ሰሌዳ ግን በአሮጌ ዕቃ ሰብሳቢዎች ዘንድ የታወቀ ነው። ዝነኛው፣ በቫልፓሬይዞ፣ ኢንዲያና የነበረው የሉዊስ ኢ. ማየርስ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1910ዎቹ “ሸቶኳ ኢንዱስትሪያል አርት ዴስክ” ብሎ የሸጠው ነው። ስሙን የተዋሰው እ.ኤ.አ. በ1874 በኒውዮርክ ክፍለ ግዛት ከተጀመረው የሸቶኳ የሕዝብ ትምህርት እንቅስቃሴ ነው። ጥቅልሉ የእጅ ጽሕፈት፣ ሥዕልና የመሳሰለውን ትምህርት ይዟል፤ ልጁ ከላይ ያየውን ከታች ይሞክራል።

ዘመኑን ለማወቅ ዕቃውን መጠየቅ ነው። ከጀርባው የፓተንት ቁጥር ካለ፣ አንድ ሚሊዮንኛው ቁጥር የተሰጠው እ.ኤ.አ. በ1911፣ ሁለት ሚሊዮንኛው በ1935 መሆኑን ልብ ይሏል። ቁጥሩ የሚነግረን ግን ዕቃው ከዚያ በፊት አለመሠራቱን እንጂ መቼ እንደተሠራ አይደለም። በጥቅልሉ ላይ የአሜሪካ ባንዲራ ካለ ኮከቦቹን መቁጠር ነው። አርባ ስምንት ከሆኑ ከ1912 እስከ 1959 የነበረው ባንዲራ ነው። ብሎኖቹ በባለ መስቀል ካቻቢቴ የሚፈቱ ከሆኑ ደግሞ፣ ያ ዓይነቱ የተስፋፋው ከ1930ዎቹ አጋማሽ ወዲህ ስለሆነ፣ ወይ ዕቃው ከዚያ ወዲህ ነው ወይ ብሎኑ ተቀይሯል። አንዱ ምልክት ብቻውን አይበቃም፤ እንደ ምስክር ሁሉ እርስ በርሳቸው መመሳከር አለባቸው። የእኔው ባንዲራው ባለ አርባ ስምንት ኮከብ ሲሆን፣ ቁጥሩም ከአንድ ሚሊዮን በላይ፣ ከሁለት ሚሊዮን በታች ነው።

እዚህ ላይ አንድ ትችት ልጨምር። ይህ ሰሌዳ የሚያምር ዕቃ ቢሆንም የዋህ አይደለም። በእኔ ጥቅልል ላይ ከተሳሉት ልጆች መካከል ልጄን የሚመስል አንድም የለም። ታዲያ ለምን እንጠብቀዋለን ቢባል፣ ስለሚያምር ሳይሆን ስለሚመሰክር ነው። አንድ ሕዝብ ልጁን ምን ሊያደርገው እንደሚመኝ ከሕገ መንግሥቱ ይልቅ ለልጁ በሚገዛው ዕቃ ይታወቃል።

ወደ እኛው እንምጣ። ባለ ሸቶኳው ልጅ ያያል፣ ይጽፋል፣ ያጠፋል። የቄስ ትምህርት ቤቱ ልጅ ደግሞ የፊደል ገበታውን በሰንበሌጥ እየጠቆመ “ሀ ግዕዝ፣ ሁ ካዕብ” እያለ በድምፅ ይወርዳል። ገበታው ይነበባል እንጂ አይጻፍበትም፤ ትምህርቱ በጆሮና በአንደበት ነው። በወሎና በሐረር የቁርዓን ተማሪው በእንጨት ሎሁ ላይ በቀለም ይጻፍለታል፤ በቃሉ ሲይዝ ይታጠብና ሌላ ይጻፍበታል። ሦስት ሰሌዳ፣ ስለ ልጅ አእምሮ ሦስት ሐሳብ። አንዱ እጅን፣ አንዱ ድምፅን፣ አንዱ ትዝታን ያምናል። በቋንቋችን የምንማርበትም የምንበላበትም “ገበታ” መባሉ በከንቱ አይመስለኝም።

ታዲያ እነዚያ ገበታዎች የት ናቸው? ከተስፋ ገብረ ሥላሴ ማተሚያ ቤት የወጣውን የፊደል ገበታ ያልቆጠረ የእኔ እኩያ ጥቂት ነው። አንባቢ ሆይ፣ እርስዎ የቆጠሩበት ዛሬ በእጅዎ አለ? የእኔው የለም። እ.ኤ.አ. በ1979 የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ እስከ ገጠር ያደረሰው ሰሌዳና ጠመኔስ? የአክሱም ሐውልት እ.ኤ.አ. በ2005 ሲመለስ አልቅሰናል፤ በ1868 ከመቅደላ ስለተዘረፈው ንብረት አቤቱታ ፈርመናል። ደግ አደረግን። ግን ማንም ያልዘረፈንን በገዛ እጃችን እንጥላለን። በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል እንዲሉ።

እውነቱን ለመናገር ሁላችንም እንዲህ አይደለንም። ስድስት ኪሎ በቀድሞው ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት የሚገኘው የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ሙዚየም የሕዝቡን ኑሮ በሰው ዕድሜ ቅደም ተከተል አሰናድቶ ከልጅነት ይጀምራል። ይህ ትልቅ አስተሳሰብ ነው። እዚህ በ1803 በተቆረቆረችው ዎርዝንግተን ደግሞ የታሪክ ማኅበሩ በ1845 በተሠራ የቀድሞ የካህን መኖሪያ ውስጥ የአሻንጉሊት ስብስብ ይዟል። እኛ በውጭ የምንኖረው ግን በየማኅበራችን አዳራሽ ስለ ሦስት ሺህ ዓመት እናወራለን፤ የሠላሳ ዓመቱን ፊደል ገበታ ቤት ስንቀይር እንጥላለን።

እንግዲህ ቢያንስ ይህን እናድርግ። ከመንካታችን በፊት ከፊትም ከጀርባም ፎቶ እናንሣ። ሰሌዳውን በውኃ አንጠብ፤ ለስላሳ ብሩሽ ይበቃል። የተቀደደውን ጥቅልል በፕላስተር አንለጥፍ፤ ሙጫው ከጊዜ በኋላ ይቢጫል፣ ወረቀቱንም ይበላል። ድርቅ ብሎ የሚሰበረውን ወረቀት በግድ አንዘርጋ። የኦሃዮ ምድር ቤት እርጥብ፣ ጣሪያ ሥሩም በበጋ እሳት ነው፤ ሁለቱም አይሆኑም። ከሁሉ በላይ አሮጌ ቀለም አንፈግፍግ። በአሜሪካ እርሳስ ያለበት ቀለም ለቤት ዕቃና ለመጫወቻ የተከለከለው እ.ኤ.አ. በ1978 ነው። እኔ ይህን ያወቅሁት ከፈገፈግኩ በኋላ ነው። ክፈፉን ሳስመረምር እርሳስ ተገኘበት። ልጄን ይዤ ወደ ሐኪም ሮጥኩ፤ የደም ምርመራው ውጤት እስኪመጣ እንቅልፍ አልነበረኝም። እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነበረች። ስለዚህ አሮጌው ይቀመጥ፣ ይታይ፤ ልጁ የሚጽፍበት አዲስ ይገዛለት።

ልጄ አሁን አሥራ ሁለት ዓመቷ ነው። ሰሌዳው መስታወት ባለው ቁም ሣጥን ውስጥ ተቀምጧል። በጀርባው በፖስታ አድርጌ የት፣ መቼ፣ በስንት እንደገዛሁት፣ የማስታውሳቸውን ሦስት ፊደላት፣ የቀባሁትም እኔ መሆኔን ጽፌ አስቀምጫለሁ። እሷ አንብባው “አባዬ፣ ያንተ ሀ ሁ የቆጠርክበትስ?” አለችኝ። መልስ አልነበረኝም።

እናንተ ካላችሁ ግን አትጣሉት። አትቀቡትም።

ቸር ይግጠመን።