ስለ ስውር፣ ስለ ረቂቅና ስለ ደብዛዛ ቃል

የድርሰት ሐያሲ የሚፈርደው በቃል ስለ ሆነ፣ የሚፈርድበትን ቃል አስቀድሞ መመዘን ግዴታው ነው። ይሁን እንጂ አንድ ግጥም በቶሎ ሳይገለጥ ሲቀር «ስውር»፣ «ረቂቅ»፣ «አሻሚ»፣ «ደብዛዛ» የተባሉት ቃላት እንደ አንድ ተቈጥረው ሲነገሩ እንሰማለን። ቃላቱ ግን ጎረቤታሞች እንጂ መንትዮች አይደሉም።

«ስውር» ከ«ሰወረ» የወጣ ነው። የሰወረ አለ፤ የተሰወረ አለ፤ ስለዚህ የፈለገ ሊያገኘው ይችላል። የሰምና ወርቅ ቅኔ ስውር መባሉ የተገባ ነው፤ ወርቁ በሰሙ የተሸፈነው ጠፍቶ እንዲቀር ሳይሆን ተፈልጎ እንዲገኝ ነውና። በዋሸራና በጎንጅ የቅኔ ቤቶች ተማሪው ሌት ተቀን የሚደክመው ለዚሁ ነው። «ረቂቅ» ደግሞ የ«ግዙፍ» ተቃራኒ ነው፤ ማንም አልደበቀውም፣ ነገር ግን ከቅጥነቱ የተነሣ ጥሩ ዐይን ይፈልጋል። «አሻሚ» የምንለው ሁለት ፍቺዎች በአንድ ቃል ሲሻሙ ነው። ባለቅኔ በኅብር ዐውቆ ያሻማል፤ ሰነፍ ጸሓፊ ግን ሳያውቅ ያሻማል። «ደብዛዛ» ብርሃን ያነሰው ነው፤ ጉድለቱም የራሱ የድርሰቱ ነው።

«ያልታወቀ» የሚለው ቃል ከእነዚህ ሁሉ ይለያል፤ የሚናገረው ስለ ነገሩ ሳይሆን ስለ ዐዋቂው ነውና። አንድ የሙሾ ግጥም «ደራሲው ያልታወቀ» ተብሎ ሲታተም፣ ያላወቀው ማን እንደ ሆነ መጠየቅ ይገባል። አልቃሿን መንደሯ በስሟ ጠርቶ አመስግኗት ይሆናል፤ ስሟን ያልጠየቀው ግጥሟን የጻፈው ሰብሳቢ ሊሆን ይችላል።

ከሁሉ ይልቅ ጥንቃቄ የሚያሻው «ገባ» የሚለው ግሥ ነው። «አልገባኝም» ያለ አንባቢ ስለ ራሱ ይመሰክራል፤ ምስክርነቱም ሊከበርለት ይገባል። «አይገባም» ያለ ግን በአንድ አፍ ሁለት ነገር ተናገረ፤ አንዱ «ለመረዳት አይቻልም» ሲሆን፣ ሁለተኛው «ሊሆን የተገባ አይደለም» ነው። ከመጀመሪያው ወደ ሁለተኛው ያለ ማስረጃ የሚሻገር ሐያሲ ምስክርነቱን ፍርድ አደረገው። በ1963 ዓ.ም. የታተመው የሰሎሞን ዴሬሳ «ልጅነት» ከተለመደው የግጥም አካሄድ በመውጣቱ ብዙ አከራክሯል። እንዲህ ያለ መጽሐፍ በአንድ «አይገባም» የሚዘጋ አይደለም። ይህ ስንኝ ስውር ነውን? ረቂቅ ነውን? ወይስ ደብዛዛ ነው? ተብሎ በየግጥሙ ሊመረመር ይገባዋል።

የዚህም ተቃራኒ ስሕተት አለ። ያልተረዱትን ሁሉ «ረቂቅ ነው» እያሉ የሚያደንቁ አሉ። ይህ ደራሲውን አይጠቅመውም፤ ድንግዝግዙን እንደ ጥልቀት ቈጥሮ በዚያው እንዲቀጥል ያደርገዋል እንጂ። አንባቢውም አላዋቂ እንዳይባል ፈርቶ ጥያቄውን በሆዱ ይዞ ይቀራል።

እንግዲህ የሐያሲ ሥራ ሦስት ነገር ለይቶ ማሳየት ነው፤ ደራሲው ዐውቆ የሸፈነውን፣ ሳያጠራ የተወውን፣ አንባቢውም ገና ያልደረሰበትን። ስውሩን ፈልጎ ያውጣ፤ ረቂቁን ታግሦ ያስተውል፤ ደብዛዛውን «ደብዛዛ ነው» ብሎ ከነምክንያቱ ያስረዳ። ይህ ሲሆን ወጣቱ ገጣሚ የሚታረምበትን ያገኛል፤ አንባቢውም «አልገባኝም» ለማለት አያፍርም። ሥነ ጽሑፋችን የሚያድገው በዚህ ዐይነት ቅን ሚዛን መሆኑን እናምናለን።