በሩቅ የቆመ ካሜራ
ስለ «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» የቀረበ አስተያየት

ስለ ቴአትር ሲነሣ የአምቦ ልጅ አፉን ሞልቶ ይናገራል፤ ጸጋዬ ገብረ መድኅን የተወለደው እዚሁ በአጠገባችን፣ በቦዳ ነውና። ስለ ፊልም ሲነሣ ግን ብዙዎቻችን ታሪኩን ከመተረክ አናልፍም። ማን ማንን ገደለ፣ መጨረሻው እንዴት ሆነ ተባብለን እንለያያለን። በበኩላችን የፊልም ፍሬ ነገር ከሚነገረው ቃል ይልቅ በሰዎቹ አቋቋም፣ በብርሃኑና በካሜራው ቦታ የሚገኝ ይመስለናል። ለዚህም ምስክር የምናደርገው ኃይሌ ገሪማ አዘጋጅቶት እ.ኤ.አ. በ1976 ለሕዝብ የቀረበውን «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» ነው።

ፊልሙ የተነሣው የዘውዱ ሥርዓት በሚናጋበት ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በ1974 ነው። ሥዕሉ ጥቁርና ነጭ፣ ንግግሩ አማርኛ ነው። አንድ የጭሰኛ ቤተ ሰብ ለአንድ ባለ ርስት ያርሳል፤ ልጃቸው በለጠች ከብት ትጠብቃለች፤ መሬቱን የተነጠቀ ከበበ የሚባል ሰው፣ ሌሎች እንደ እብድ እያዩት፣ እውነቱን ይናገራል። ልጅቱ ውሃ ይወስዳታል፤ ባለ ርስቱም በከበበ እጅ ይሞታል። ይህን ማንም ሰው በአምስት ደቂቃ ሊያወራው ይችላል፤ ፊልሙ ግን ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል ይፈጃል። ታዲያ የቀረው ጊዜ በምን አለቀ?

ከጓደኞቻችን መካከል «ተጓተተ» ብለው የነቀፉት አሉ። እኛ ግን የፊልሙ ኃይል ከዚሁ ላይ ነው እንላለን። በቴአትር ቤት ተመልካቹ ከያዘው ወንበር አይነቃነቅም። በፊልም ግን ወንበራችንን ወዲያና ወዲህ የሚያዛውርልን ካሜራው ነው። ኃይሌ በብዙ ቦታ ከሜዳው ማዶ አስቀምጦ ይተወናል፤ በሩቅ እንደ ነጥብ የሚታየው ሰው ሜዳውን አቋርጦ እስኪመጣ እንጠብቃለን። ሌላ አዘጋጅ ቢሆን መንገዱን ቆርጦ ጥሎ ሰውየውን ከደጃፍ ያደርሰው ነበር። እዚህ ግን የመንገዱ ርዝመት ራሱ ጭሰኛው ከሚከፍለው ግብር አንዱ ሆኖ ይሰማናል።

ባለ ርስቱ በአንጻሩ ከቤቱ ደጃፍ በወንበር ተቀምጦ ያዝዛል፣ ይሰድባል። እርሱ ተቀምጦ ሌሎቹ ይመላለሳሉ፤ ጌታና ሎሌው በዚህ ብቻ ይለያሉ።

ብርሃኑም ጌጥ የለበትም። ቀለም ስለሌለ የመስኩ ልምላሜ ለዓይን ዕረፍት አይሰጥም፤ ለሽርሽር የወጣ ሰው «እንዴት ያምራል!» የሚለው አገር እዚህ የድካም ቦታ ሆኖ ይታያል። ከዚህ ሁሉ ዝግታ በኋላ በለጠች በሕልሟ ወላጆቿ እንደ በሬ ተጠምደው ባለ ርስቱ ሲነዳቸው ስታይ፣ ሕልሙ ከውኑ የራቀ አይመስለንም። ዓይናችን ቀንበሩን ለማየት አስቀድሞ ተዘጋጅቷልና።

ነቀፌታ ግን የለንም አንልም። ከበበ ንግግሩን ሲያስረዝም፣ ዓይን የተረዳውን ጆሮ እንደገና እንዲሰማ ይገደዳል። ያን ሁሉ ካየን በኋላ ስለ ግፍ መስበክ የጠገበን ሰው ማጉረስ ነው።

ምናልባት የጭሰኛነት ነገር በየካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. በወጣው የመሬት አዋጅ ስለ ቀረ፣ ፊልሙም ጊዜው አልፎበታል የሚል ይኖር ይሆናል። ሥርዓቱ አልፏል፤ የአስተያየታችን ጉድለት ግን አላለፈም። ከአምቦ ወደ ጊንጪ በአውቶቡስ ስንሄድ በመስኮት የምናየው አራሽ ዓይናችንን ጨፍነን እስክንገልጥ ያመልጠናል፤ ከመካከላችንም ብዙዎቻችን የዚያ አራሽ ልጆች ነን። ካሜራው ባይሮጥልን፣ ቆመንም ብንጠብቅ፣ ሰውየው ከትልሙ ጫፍ ደርሶ በሬዎቹን ሲመልስ ባየን ነበር። ስለዚህ ፊልም የሚያዩ ጓደኞቻችን ታሪኩን ከመጠየቃቸው በፊት «ካሜራው የት ቆመ? ስንት ጊዜስ ቆየ?» ብለው እንዲጠይቁ እናሳስባለን።