ንግርትና ትንቢት፦ የኬይንስ «የሰላሙ ኢኮኖሚያዊ መዘዞች» ሲፈተሽ

ጆን ሜይናርድ ኬይንስ በ1919 በተካሄደው የፓሪስ የሰላም ጉባኤ የእንግሊዝ ግምጃ ቤት ዋና ተወካይ ነበር (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። የቬርሳይ ውል ሊፈረም ሦስት ሳምንት ሲቀረው ሥራውን ለቀቀ። ቁጭቱ ሳይበርድ ወደ ገጠር ገብቶ የጻፈው «የሰላሙ ኢኮኖሚያዊ መዘዞች» በዚያው ዓመት በዲሴምበር ለአንባቢ ደረሰ። በሁለቱ የዓለም ጦርነቶች መካከል ስላለው ዘመን ዛሬም የምናወራበትን ቋንቋ በብዛት ያበጀው ይህ መጽሐፍ ነው። ሂትለርን የወለደው ቬርሳይ ነው የሚለው የተለመደ አስተያየት ሥሩ ሲቆፈር ብዙ ጊዜ እዚህ ይደርሳል። ስለዚህ መጽሐፉን በመረጃነቱ ብቻ ሳይሆን በድርሰትነቱም፣ በአሠራሩ መመዘን ይገባል።

ሰባት ምዕራፎች አሉት፤ አወቃቀሩም የተውኔት ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም። ሁለተኛው ምዕራፍ መቼቱን ይዘረጋል። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በፊት አንድ የለንደን ነዋሪ ከአልጋው ሳይወርድ ሻዩን እየጠጣ፣ ከየትኛውም የዓለም ጥግ የሚሻውን ሸቀጥ በስልክ ያዝዛል። ይህ ምቾት የማይነቃነቅ ይመስለዋል። ኬይንስ ከዚህ ሥዕል ሥር ወዲያው ስንጥቁን ያሳየናል። በ1870 ወደ 40 ሚሊዮን ይጠጋ የነበረው የጀርመን ሕዝብ በ1914 68 ሚሊዮን ገደማ ደርሷል፤ ይህን ሁሉ ሕዝብ አሳድሮ የሚያበላው ደግሞ ድንበር የማያውቅ የድንጋይ ከሰል፣ የብረትና የንግድ ትስስር ነው። ክሩ ቢበጠስ ምን እንደሚከተል አንባቢው ሳይነገረው ይገባዋል። ደረቅ ቁጥርን በትረካ ውስጥ ንግርት (የሚመጣውን አስቀድሞ የሚጠቁም ፍንጭ) አድርጎ ማስቀመጥ ጥቂቶች የታደሉት ጥበብ ነው።

የመጽሐፉ ዕንቁ ግን ሦስተኛው ምዕራፍ ነው። የፈረንሳዩ መሪ ክለማንሶ እጆቹን በግራጫ ጓንት ሸፍኖ፣ ዐይኖቹን ከድኖ ከእሳቱ ትይዩ ተቀምጧል። ሌሎቹ ሲከራከሩ እሱ የሚፈልገውን ያውቃል። ገጸ ባሕርዩ የተሳለው ከንግግሩ ይልቅ በዝምታው ነው። ወደ አሜሪካው ዊልሰን ስንሻገር ቃናው ይለወጣል። 14 የሰላም ነጥቦቹን ይዞ እንደ ነቢይ የተጠበቀው ፕሬዚዳንት፣ በር ተዘግቶ ድርድር ሲጀመር ሐሳቡ የሚዘገይ፣ ዝርዝር ዕቅድ ያላሰናዳ፣ ኅሊናውን በቃላት ሽፋን የሚያሳርፍ ሰባኪ ሆኖ ይታያል። ሥዕሉ ጨካኝ ነው፤ ሐዘኑ ግን እውነተኛ ነው፤ ዊልሰን በገዛ ጉድለቱ የሚወድቅ ጀግና ይሆናል። ሆኖም ኬይንስ ስለ ሎይድ ጆርጅ የጻፈውን ሹል ገለጻ በቅርብ ሰዎቹ ምክር ከመጽሐፉ አውጥቶ እስከ 1933 ድረስ ሳያሳትመው ቆይቷል። በዚህ የተነሳ የገዛ አገሩ መሪ በከፊል ከጥላ ሥር ሲቀር፣ ሙሉው ብርሃን የወደቀው በፈረንሳዩና በአሜሪካው ላይ ነው። የጣሊያኑ ኦርላንዶማ ከነጭራሹ አልተሳለም ማለት ይቻላል። የዚህ ጉድለት ዋጋ ኋላ ይታያል።

አምስተኛው ምዕራፍ ስለ ጦር ካሳ ነው። ድል አድራጊዎቹ በውሉ መሠረት ሊጠይቁ የሚችሉትን ኬይንስ 8 ቢሊዮን ፓውንድ ገደማ አድርጎ ሲገምት፣ 5 ቢሊዮኑ የወታደሮች ጡረታና የቤተሰብ ድጎማ መሆኑን ነጥሎ ያወጣል፤ ይህም ተኩስ ሲቆም ለጀርመን ከተገባላት ቃል ጋር እንደሚጋጭ ይሞግታል። ከዚያ የመርከቡን፣ የወርቁን፣ የውጭ ንግዱን አቅም አንድ በአንድ ቆጥሮ ጀርመን ከ2 ቢሊዮን ፓውንድ በላይ መክፈል አትችልም ይላል። አገር የውጭ ዕዳዋን የምትከፍለው ወደ ውጭ ከምትልከው ሸቀጥ ትርፍ ነው የሚለው መነሻው ግልጽ ነው፤ ማስረጃው ደረጃ በደረጃ ይወጣል፤ ቋንቋውም ከስድብ የጸዳ ነው። የመጽሐፉ ምሁራዊ ክብር ያለው እዚህ ነው።

ክብሩ ግን ከትችት አያድነውም። በ1921 ይፋ የሆነው ሂሳብ 132 ቢሊዮን የወርቅ ማርክ ነበር፤ ከዚህ ውስጥ 82 ቢሊዮኑ በወረቀት ላይ ብቻ ለሚቀር ቦንድ የተመደበ ነው። የ1924ቱ የዶውስ ዕቅድ ክፍያውን አቀለለ፤ የ1932ቱ የሎዛን ጉባኤም በተግባር አስቀረው። ፈረንሳዊው የኢኮኖሚ ምሁር ኤቲየን ማንቱ ለኬይንስ በጻፈው መልስ፣ ይወርዳል የተባለው የአውሮፓ የብረት ምርት በ1929 ከ1913ቱ በልጦ መገኘቱን አሳይቷል። ሂትለርም ለጦር መሣሪያ በየዓመቱ ያፈሰሰው ገንዘብ ኬይንስ አይቻልም ካለው ዓመታዊ ካሳ ብዙ እጥፍ ነበር። ኬይንስ መክፈል አለመቻልን በሚገባ መረመረ፤ ለመክፈል ፈቃደኛ አለመሆንን ግን እምብዛም አልመረመረም። መጽሐፉ በእንግሊዝና በአሜሪካ አንባቢ ዘንድ ውሉን የማስከበር ፍላጎት እንዲላላ ካደረጉት አንዱ ነው፤ የዚህን ኃላፊነት በከፊል መሸከም አለበት።

አሁን ወደ ኦርላንዶ ልመለስ። የጣሊያኑ መሪ አገሩ ይገባኛል ባለችው በፊዩሜ ከተማ ጉዳይ ተቆጥቶ ጉባኤውን ረግጦ ወጥቶ ነበር። ጣሊያናዊው ባለቅኔ ዳኑንዚዮ ከተማዋን በጦር የያዘው መጽሐፉ ከመታተሙ ከሦስት ወር በፊት ነው። የመጀመሪያው ታላቅ አምባገነን ሙሶሊኒ በ1922 ሥልጣን የያዘው ካሳ በከበዳት ጀርመን አይደለም፤ ከድል አድራጊዎቹ ጎን በተሰለፈችው ጣሊያን ነው። የተጎዳ ክብር ከረሀብ እኩል መንግሥት እንደሚገለብጥ ለማየት የኬይንስ ሚዛን አልተሠራም። ረሀብ አብዮትና የኋልዮሽ ጉዞ ይወልዳል ብሎ ማስጠንቀቁ ንግርት ነው፤ አንባቢ ትውልድ ግን እንደተፈጸመ ትንቢት አነበበው።

ለኢትዮጵያዊ አንባቢ የመጨረሻው ምዕራፍ አንድ ሐሳብ በተለይ ይከነክናል። ኬይንስ የመንግሥታቱ ማኅበር ለውሳኔ የሁሉንም አባላት ስምምነት መጠየቁና አባላትን ከወረራ እጠብቃለሁ የሚለው አንቀጽ 10 ማኅበሩን የነበረውን ድንበር ብቻ የሚያስጠብቅ ግትር አካል እንዳያደርጉት ይሰጋል። ኢትዮጵያ በ1923 ማኅበሩን ስትቀላቀል ከሁሉ በላይ የፈለገችው ያንን ዋስትና ነበር። በ1935 የሙሶሊኒ ጦር ሲዘምት አንቀጹ አልታደጋትም። ኬይንስ የፈራው የዋስትናውን መጥበቅ ነበር፤ ከአዲስ አበባ ሲታይ ጥፋቱ መላላቱ ነው።

ይህ ሁሉ ሆኖ፣ በጦርነቱ ውስጥ አጋሮች እርስ በርስ የተበዳደሩት ዕዳ ይሰረዝ፣ ነጻ የንግድ ኅብረት ይቋቋም ማለቱ አርቆ አሳቢነት ነው። በስድ ንባቡ ኃይል መጽሐፉ በዘመኑ ከተጻፉት የፖለቲካ ድርሰቶች ከቀዳሚዎቹ ይሰለፋል፤ የአምባገነኖችን አነሳስ ለማስረዳት ግን ብቻውን አይበቃም። ሦስተኛውንና አምስተኛውን ምዕራፍ በዝግታ አንብቡ፤ ከጎኑም የማንቱን መልስ አስቀምጡ። ማንቱ በኤፕሪል 1945 ባቫሪያ ውስጥ በውጊያ ላይ ወደቀ፤ መልሱ የታተመው በ1946፣ ኬይንስ በሞተበት ዓመት ነው።